የማይበርደው ባና

እመብርሃንን! ከዚህ ውስጥ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

መንዝ ውስጥ "ገሠሠ ያጋንናል" የሚል ቢያጋጥማችሁ ቅናት ነው። ነብር በካልቾ ያባረርኩ ሰው ማጋነን ምን ያደርግልኛል?

ነገሩ የጀመረው ዘንድሮ ጓሳ ሜዳ ላይ፣ ከንጋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ነው።

የጓሳ ሳር ሲከለል ማንም አያጭድም፣ ማንም በግ አያስገባም። አገሩ በየተራ ጠባቂ ያወጣል። ዘንድሮ ዕጣው ለእኔና ለአብሮ አደጌ ለአባይነህ ወጣ። እኔ ቀን፣ እሱ ሌሊት።

ጎጆዋ አንድ፣ የምንለብሰው የበግ ፀጉር ባናም አንድ። አንዳችን ለብሶት ሲነሳ ሌላው ይገባበታል። ሦስት ወር ሙሉ ያ ባና አልበረደም።

ሁለታችንም አርባ ሦስት ዓመታችን ነው። ክርስትና የተነሳነው በአንድ ቀን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ይመስለኛል... አባይነህ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ፀጉሩ ላይ አመዳይ አየሁ።

"አራግፈው እንጂ" አልኩት።

"ምኑን?"

በእጄ አራገፍኩለት። አልረገፈም...

ሽበት ነበር።

አልደነገጥኩም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምንም አልተሰማኝም።

ከዚያ ወዲያ ቀትር ላይ እህል ልቀምስ ስገባ ከባናው ስር ይጠራኝ ጀመር።

"ገሤ..."

"አቤት።"

"ነጋ?"

"ቀትር ነው። ተኛ፣ አንተ ሽማግሌ!"

"ራበኝ..."

ቆሎ እሰጠዋለሁ። አያኝከውም... ይመጠዋል። አንድ ቀን ገብሱን መልሶ መዳፌ ላይ ተፋው።

መሐሉ ላይ ጥርስ ነበረ።

ጥርሱን ወርውሬ ቆሎዬን ቆረጠምኩ።

ስንቅ ልገዛ ሞላሌ ገበያ ስወርድ ነርሷን ወለተኪዳንን አገኘኋትና የጓደኛዬን ነገር አጫወትኳት።

"ሰውነት የራሱ ሰዓት አለው" አለችኝ። "ቁልፉን የምትሞላው ፀሐይ ናት። ቀን እየተኙ ሌሊት መንቃት ሲበዛ ሰዓቱ ይዛባል፤ ሰው ቶሎ ያረጃል።"

ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ።

"እርስዎም ራስዎን ይጠብቁ፣ አባቴ።"

"እኔማ ብረት ነኝ!" አልኳት።

ብረት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ያን ሜዳ ሰባት ጊዜ እዞረዋለሁ። ፀሐይዋ ግን አትሞቅም ነበር... ጅብም በቀን ሲጮኽ ሰምቻለሁ። በመንዝ ታሪክ ከእኔ በቀር በቀን ጅብ የሰማ የለም።

አንድ ቀን አስር ሰዓት ላይ ልቀሰቅሰው ገባሁ። ባናውን ከላዩ ማንሳት አቃተው። እጁ የደረቀ ቅርንጫፍ መስሏል።

"ገሤ... እስከዳርን..." አለ። አልጨረሰውም።

እስከዳር ሚስቱ ናት። የመጀመሪያ ልጃቸውን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ይሄ ሰው ዛሬ ካልወረደ ልጁን አያይም አልኩ።

ባናውን እስከ አንገቱ ጠቀለልኩለትና በአንድ ትንፋሽ ወደ መንደር ወረድኩ። ፈረስ አይቀድመኝም ነበር። ብቻ መንገድ ላይ አንድ አስር ጊዜ አረፍኩ...

ስደርስ እየመሸ ነው። እስከዳር ደጅ ያሰጣችውን ገብስ እየሰበሰበች ነበር።

"ባልሽን አሁኑኑ ከጓሳ አስወርጂው!" አልኳት። "እያለቀ ነው። ሌሊቱ በላው!"

ሆዷን ደግፋ ተነሳች። በርጩማዋን ለቀቀችልኝ።

"ይቀመጡ፣ አባቴ።"

"የምን አባቴ? ገሠሠ ነኝ እኮ!"

ፊቴን አየችና... አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ በቀስታ፣ የታመመ ሰው እንደምታባብል ሆና፣

"ጋሽ ገሠሠ... አባይነህ እኮ የቀኑ ጠባቂ ነው። ጥበቃውን ከጀመራችሁ ወዲህ ሁልጊዜ እዚህ ከእኔ ጋር ነው የሚያድረው። የሌሊቱ እርስዎ ነዎት።"

ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ።

አባይነህ ነው። በባናው ጠቅልዬ የተውኩት አባይነህ... ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከጓሳ መውረዱ ነው። ፀጉሩ እንደ ጥላሸት ጥቁር።

በርጩማው ላይ አየኝ። ጉልበቴ ላይ ያረፈው እጄ የደረቀ ቅርንጫፍ መስሏል። ዱላውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረ።

ጎንበስ አለና... ጉልበቴን ሳመ።