ብዙኃኑ ኀ

አባ ፈልግ በምሳ ሰዓት እንደ ልማዳቸው በሩን ዘጉ፣ የጋዝ ማሞቂያውን ለኮሱ፣ ወንበራቸው ላይ ጋደም አሉ። ስምንት ሰዓት ላይ ሲያንኳኩባቸው አልሰሙም። በሩ ሲከፈት መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር፤ ፊታቸው ቀልቷል፤ ትንፋሽ ግን የለም። ዝናቡ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ መስኮቱን ይደበድባል።

ቢሮው የንግድ ጥናት ቢሮ ነው። ነጋዴ ከማን ጋር እንደሚሻረክ ከመወሰኑ በፊት «እስቲ ስለዚህ ኩባንያ የተጻፈውን አምጡልኝ» ይላል፤ እነሱም የሠላሳ ዓመት የንግድ ዜና ከተከማቸበት የመረጃ ቋት ፈልገው ያወጡለታል። ሟቹ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። «አባ ፈልግ» የሚለው ስም የወጣላቸው ሌላው «የለም» ብሎ የተወውን ስለሚያገኙ ነው።

ሐኪሙ ጭስ እንዳፈናቸው ተናግሮ ሄደ። የተላከችው መርማሪ ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት፣ ቁመቷ አጭር ጥያቄዋ ረጅም የሆነ ሴት ናት። ከሬሳው በፊት ማሞቂያውን ዞራ አየች። ከጀርባው አረንጓዴ ወረቀት ተለጥፎበታል። ከዚያ ወደ ኋላ በረንዳ ወጥታ የጭስ ማውጫውን ቱቦ አፍ በጣቷ ዳሰሰች። ጥላሸቱ ዙሪያውን ተጠርጓል፤ አንድ ነገር ተወትፎበት ተስቦ የወጣ ይመስላል። በበረንዳው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጠቆረ ፎጣ አገኘች።

በምሳ ሰዓት እዚያ ፎቅ ላይ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ምክትላቸው፣ አንዲት ወጣት አጥኚና መድኃኒት ይዘው የመጡት ባለቤታቸው። መርማሪዋ ከምክትሉ ጀመረች። አርባን የተሻገረ፣ የሸሚዙ ኮሌታ የማይሸበሸብ ሰው ነው።

«አደጋ ነው» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ማሞቂያው ፀሐይ በር የሚባለው ኩባንያ ስሪት ነው። ጭስ መልሶ ይተፋል ተብሎ አራት ጊዜ ዜና ወጥቶበታል።»

«አራት ጊዜ?»

«አራት ጊዜ። ያላነበበ የለም።»

«ያሉኝን እዚህ ላይ ይጻፉልኝ። ለመሆኑ አብረው ስንት ዓመት ሠሩ?»

«አሥራ አራት» አለ እየጻፈ። «አጥኚዋ ልጅ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ግን እሷን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ‹ልጄ› ይሏታል። እኔን ‹ምክትል› ነው የሚሉኝ።»

ሟቹን በአድናቆት ሊያነሳ አስቦ ነበር፤ ቅናት ግን አፍ አያሲዝም።

ባለቤታቸውም ቢሆኑ አልደበቁትም። በእጃቸው የመድኃኒቱን ብልቃጥ እንደጨበጡ ነበር።

«ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ የት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም። እሷ አንዲት ፊደል ስትስት ግን እራት ላይ ሲተርክልኝ ያመሻል። አዎ፣ ቀንቻለሁ! መድኃኒቱም ሰበብ ነው። አብረው ምሳ ይበሉ እንደሆን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«አብረው ነበሩ?»

«ብቻውን ነበር። ሳየው አፈርኩ።» እንባቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ያ ማሞቂያ የቤታችን ነው፤ አምና ነው ወደዚህ ያመጣው። ከቤት ሳይወጣ የኩባንያው ሠራተኞች መጥተው የተበላሸውን ዕቃ ቀይረው፣ አረንጓዴ ወረቀት ለጥፈውበት ሄደዋል። ታዲያ ምን ነክቶት ገደለብኝ?»

ይህን ጊዜ የቢሮው ሥራ አስኪያጅ ወረቀት ይዘው ገቡ። ማን፣ መቼ፣ ምን ብሎ እንደፈለገ የሚያሳይ የመረጃ ቋቱ መዝገብ ነው። ከሦስት ቀን በፊት በምሳ ሰዓት አንድ ሰው በአጥኚዋ መግቢያ ስም ስለዚሁ ማሞቂያ ፈልጓል። ልጅቷ ወረቀቱን አይታ አመድ መሰለች። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን ነካ ነካ አደረገው።

«እኔ አይደለሁም! ምሳ ስወጣ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ነው የምሄደው፤ ሁሉም ያውቃል።»

«ማልቀሱን ተይና አንድ ነገር አስተምሪኝ» አለች መርማሪዋ ወንበር እየሳበች። «እዚህ ቋት ውስጥ ስትፈልጊ እንዴት ነው የምትፈልጊው?»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠርጋ የኮምፒውተሩን መጻፊያ ሳበች። ሥራዋን ስታገኝ ማልቀሷን ረሳች።

«መጀመሪያ ኩባንያው ድሮ ሌላ ስም ነበረው ወይ ብዬ አጣራለሁ። ከዚያ ስሙን በጥቅስ ምልክት አጥረዋለሁ፤ ያለዚያ ፀሐይም በርም ያለበትን ሁሉ ያግተለትልብኛል። ዘመኑን እወስናለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ አይቼ አልነሳም። ዋናው ደግሞ ፊደሉ ነው። ማሽኑ ጆሮ የለውም፤ መልክ ብቻ ነው የሚያየው። አንዱ ጋዜጣ በፀሐዩ ፀ ይጽፋል፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ። ስለዚህ ሁሉንም በ‹ወይም› አያይዤ ነው የምፈልገው። ጋሼ ‹ሃሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ ሳትጠሪ የለም እንዳትይ› ይሉኝ ነበር።»

«በይ ፀሐይ በርን ፈልጊልኝ።»

አሥራ አምስት ዜና ወጣ።

«አሁን ደግሞ መዝገቡ ላይ እንደተጻፈው ፈልጊው። ልክ እንደሱ።»

መርማሪዋ የወጡትን ቆጠረች። ከዚያ ሁሉም ወደ ንባብ ክፍሉ እንዲመጡ አዘዘች።

አሥር ሰዓት ላይ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ። ባለቤትየዋ ከልጅቷ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት።

«ይህ አደጋ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ማሞቂያው ተጠግኗል፤ ቱቦው በፎጣ ተወትፎ ነው ጭሱ የተመለሰው። ገዳዩ ማሞቂያው እንደተበላሸ ያለ መስሎታል፤ ‹አደጋ ነው› ብለን እንድንሸኘው ነው። ባናምን ደግሞ መዝገቡ ይህችን ልጅ ይጠቁማል። ታዲያ መጠገኑን ያላወቀ ማነው? ባለቤታቸው ሲጠገን ቆመው አይተዋል። ልጅቷም ብትሆን አሥራ አምስቱንም ዜና ታገኝ ነበር፤ አሥራ አንዱ ኩባንያው ማሞቂያዎቹን ሁሉ እየዞረ እንደጠገነ ነው የሚያወራው። መዝገቡ ላይ የፈለገው ሰው ግን በጸሎቱ ጸ እና በሃሌታው ሀ ብቻ ጽፎ፣ አራት አግኝቶ ተነሳ። አራቱም ስለ ብልሽቱ ናቸው።»

ወደ ምክትሉ ዞረች።

«አራት ጊዜ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። በእጅዎ የጻፉልኝም ‹ጸሀይ በር› ይላል።»

«በፊደል ሰው ይከሰሳል እንዴ?» ሊስቅ ሞከረ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። ፎጣውስ? የማን እንደሆነ ላስመርምር ወይስ ይነግሩኛል?»

ኮሌታውን ሊያላላ እጁን ሰደደ፤ ቁልፉ እንቢ አለው። ከዚያ ድንገት ጠረጴዛውን መታው።

«አሥራ አራት ዓመት! አሥራ አራት ዓመት ቦርሳቸውን ተሸክሜ፣ ወንበሬን ለትናንት መጤ ሰጡብኝ! በዓይኔ ነው ያየሁት። ጡረታ ሊወጡ ነው ሲባል የክፍሉን ፋይል ሁሉ ፈለግኩ። የወጣው አንድ ደብዳቤ ነው፤ እሷን የሚሾም!»

«ምን ብለው ነው የፈለጉት?»

«‹ሃላፊ› ብዬ ነዋ!»

ልጅቷ ቀና አለች። «እሱን የተየብኩት እኔ ነኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። «የሥልጠና ሃላፊነት ነው፤ አዲስ ገቢዎችን እንዳስተምር። የእርስዎ ወንበር አይደለም።»

ማንም ሳያዛት ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ሳበች። ‹ሃላፊ› የሚለውን በሦስቱም ሀ፣ በ‹ወይም› አያይዛ ጻፈች። ሁለት ደብዳቤ ወጣ። ሁለተኛውን አባ ፈልግ ራሳቸው ከሦስት ሳምንት በፊት ጽፈው ገና ሳይልኩት አስቀምጠውታል። መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው፦

«ከእኔ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ እንዲሆን የማቀርበው ምክትሌን ነው። ታማኝ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ በአንድ ፊደል ፈልጎ ይነሳል። እሱንም ከመሰናበቴ በፊት አስተምረዋለሁ።»

ባለቤትየዋ ተነሥተው በጠረጴዛው ዙሪያ ሄዱና ልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ። ብልቃጡን አስቀምጠው እጇን ያዙ።

ፖሊሱ ምክትሉን በክንዱ አስነሣው። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዓይኑ የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ነበር፤ ከዚያ ርቀት ግን ሊያነበው አልቻለም።

«በየትኛው ሀ ነው የጻፉት?» አለ።

ልጅቷ እንባዋን ዋጥ አደረገች።

«በብዙኃኑ» አለችው።