ክር አልባው ሻማ

ፒንሶን ሲገኝ ባርኔጣው ፊቱ ላይ ተደፍቶ ነበር። ሰክሮ የተኛ መስሏቸው ሁለት ሰዎች ተራምደውት ሽንት ቤት ደርሰው ተመልሰዋል። ሦስተኛው ባርኔጣውን ሲያነሳ ደረቱ በደም ርሷል፤ ዓይኖቹ ግን እንደ ደግ ሰው ሬሳ በወጉ ተከድነዋል።

የሞተው በዶኛ ኡባልዲና የቴሆ መጫወቻ ሜዳ፣ ብረት ከሚወረወርበት የጭቃ ሰሌዳ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። እሁድ ከሰዓት በቪያሜርሴድ ከተማ ወንዱ ሁሉ እዚያ ነው። ከባድ ብረት ይወረውራል፣ ጭቃው ላይ የተሰካችውን የባሩድ ወረቀት ሊያፈነዳ ይታገላል፣ ባፈነዳ ቁጥር ቢራ ይጠጣል፣ ባላፈነዳም ይጠጣል። እዚህ መካከል አንዲት ጥይት ማን ይለያታል?

ሟቹ ከዋና ከተማ የመጣ የፊልም ደራሲ ነበር። ፊልሙ የአንድ ቅጥረኛ ገዳይ ታሪክ ነው፤ በአገሩ ጨዋ ጎረቤት፣ በሰው አገር ሞት ሻጭ። የፊልሙ ገዳይ የገደለውን ሰው ባርኔጣ ፊቱ ላይ ይደፋል።

ኢንስፔክተር ኦዲሊያ ኪንታና ሰኞ ጠዋት ስትደርስ የጣቢያው አዛዥ በሩ ላይ ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«ደከሙ በከንቱ። ገዳዩን ይዘነዋል፤ የዶኛ ኡባልዲና ልጅ ኔስቶር ነው። ሽጉጡን ከቢራ ሳጥኖቹ ሥር አገኘነው። ማምሻውን የወህኒው መኪና ይወስደዋል።»

«መኪናው እስኪመጣ ምን ልሥራ? ሹራብ ልሥራ?» አለችና አልፋው ገባች።

ዶኛ ኡባልዲና ከበሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። የኢንስፔክተሯን ካፖርት ጫፍ ያዘች።

«የኔ እመቤት፣ አባቱንም እንዲሁ ለምርመራ ብለው ነበር የወሰዱት። ስድስተኛ ዓመቱን ፍርድ ሲጠብቅ በሬሳ ሣጥን መለሱልኝ። ይሄ ከዚያ በር ከወጣ እኔ ልጅ የለኝም።»

ኔስቶር ግን እጁ ታስሮም አንገቱን አቅንቶ ተቀምጧል።

«ፒንሶንን እገድልሃለሁ ብለሃል?» አለችው ኦዲሊያ።

«ብያለሁ። ለአንድ ትዕይንት ቀጥሮኝ፣ ካሜራውን አየህ ብሎ ከፊልሙ አባረረኝ። ካሜራ ፊቴ ላይ ደቅነው እንዳላይ ነው የሚፈልጉት?»

«እሁድስ?»

«ስጫወት ዋልኩ። ሰው ሁሉ ይመስክር! ጉሙ ባሩዱን አርጥቦት የማንም ወረቀት እምቢ ሲል እኔ ብቻ አፈነዳሁ። ከከተማው ሁሉ እኔ ብቻ! ተሸክመውኝ ዞሩ።»

«ከዚያ ወርዶ ሄደና ገደለው» አለ አዛዡ። «ሰዉ በዘፈን ደንቁሮ ተኩሱን አልሰማም።»

ኦዲሊያ ሽጉጡን ከተጠቀለለበት ጨርቅ አውጥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። የሽጉጥ ዘይት የሚሸት መስሏት ነበር። ደግማ አሸተተችና መለሰችው።

የፊልሙ ሰዎች የኡባልዲናን ግቢ ግማሽ በገመድና በመብራት ሞልተውታል። ዳይሬክተሩ ኦክታቪዮ የገደልነው እኛ ብንሆን ኖሮ በደንብ ይቀረጽ ነበር የሚል ዓይነት ሰው ነው።

«ከፊልሜ ሰርቀው ገደሉት፣ ኢንስፔክተር! ባርኔጣው የኔ ትዕይንት ነው!»

«ዓይን መክደኑስ?»

«እሱ በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። ሌአንድሮ ነው የጨመረው።»

ሌአንድሮ ዋናው ተዋናይ ነው፤ ገዳዩን የሚሠራው። ከእሱ ጎን በግ ቢታረድ ራሱን የሚስት ይመስላል።

«እኔ አይደለሁም» አለ። «ሽማግሌው ዶን አናስታሲዮ ነው ያስተካከለኝ። ቴሆ እንዲያስተምረን ይመጣ ነበር። ቅዳሜ ስለማመድ አየኝና ‹እንዲህ አይደለም ልጄ፤ መጀመሪያ ዓይኑን ክደን፣ ከዚያ ባርኔጣውን› አለኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሻማ የሚሠራ ሰው ነው፤ ስንት ሬሳ አይቷል።»

«ፒንሶን ነበር?»

«ነበር። ወዲያው ቢጫ ሆነ። ቁርሱ ነው ብዬ።»

ኦክታቪዮ ትከሻውን ነቀነቀ። «ፒንሶን ማታውን ደግሞ ‹መጨረሻውን ልለውጥ ነው፣ ሰውዬውን እዚሁ አገኘሁት› ይለኛል። ታሪኩን ከአንድ አሮጌ እስረኛ ነው የሰማው። ወሬ ማሟሟቂያ መሰለኝ።»

«እሁድ የት ነበራችሁ?»

«እዚሁ! ያ ዱርዬ ያችን አንዲት ፍንዳታ ሲያፈነዳ ከተማው አበደ። ሌአንድሮ በትከሻው ተሸከመው፣ ቢራው በሙሉ እኔ ላይ ፈሰሰ። ይኸው ጃኬቴ!»

«ሽማግሌውስ?»

«እሱማ ሁልጊዜ እዚህ ነው» አለ ኦክታቪዮ። ከዚያ «...መሰለኝ» ብሎ ጨመረ።

ሁልጊዜ ያለ ሰው ሲጎድል አይታይም። ኦዲሊያ ይህን ለኦክታቪዮ አልነገረችውም፤ ለፊልም ይወስድባታል።

ዶን አናስታሲዮ በሥራ ቤቱ ሰም እያቀለጠ ነበር። ነጭ ፀጉር፣ ንጹሕ የሱፍ ሩዋና ካባ፣ የካህን ለስላሳ እጅ። በወር አንድ ጊዜ ሰም ሊገዛ ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል፤ ሲመለስ ለሕፃናቱ ከረሜላ ያመጣል። የኔስቶር የክርስትና አባት ነው።

«ይግቡ፣ በብርድ አይቁሙ። የፓኔላ ስኳር ውሃ ላፍላልዎ?»

«ጥሩ። ስለ ክርስትና ልጅዎ ምን ይላሉ?»

«ልቤን ሰብሮታል። ግን ወጣት ነው፣ ግልፍተኛ ነው። እኔ እከፍላለሁ፣ ጥሩ ጠበቃ እቀጥርለታለሁ።»

«ተኩሱን ሰምተዋል?»

ሽማግሌው በሐዘን ሳቀ። «ልጄ፣ እሁድ በቴሆ ሜዳ! እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ወረቀቱ ግራና ቀኝ ሲንጣጣ ነው የዋለው። ጆሮዬ እስከ ማታ ይጮህ ነበር። መድፍስ ቢሆን ማን ይለየዋል?»

ኦዲሊያ ትኩሱን እየጠጣች መደርደሪያውን ቃኘች። ሻማዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። ጥግ ላይ ለፋሲካ የሚሆን ወፍራም ሻማ አለ፤ አቧራ ጠጥቷል፤ ጫፉ ላይ ክር የለውም።

ከዚያ ወጥታ ወደ ሜዳው ሄደች፤ ከሰሌዳው ጭቃ ውስጥ በጣቷ እየቆፈረች አንዳንድ ነገር በመሐረቧ ቋጠረች። ኡባልዲናንም የእሁዱን ወረቀት ከየት እንዳወጣች ጠየቀቻት።

«ከባንኮኒው ላይ፣ የኔ እመቤት። እዚያ ያገኘሁትን ሳጥን።»

መኪናው ሊመጣ ሲል ሁሉንም በሜዳው አሰባሰበች። ኔስቶር በአዛዡና በግንቡ መካከል ቆሟል። መሐል ላይ የከሰል ምድጃ ይነድዳል። ኦዲሊያ ከባንኮኒው ላይ የባሩድ ወረቀቶቹን ሳጥን አነሳችና እንዳለ እሳቱ ላይ ገለበጠችው።

ሰዉ ተበተነ። አዛዡ በቢራ ሳጥን ኋላ ተደፋ፤ ሌአንድሮ ዳይሬክተሩን ጋሻ አደረገ። ወረቀቶቹ ጭስ ጭስ ብለው ተቃጠሉ፤ ምንም አልፈነዳም።

«ይነሱ አዛዥ፤ አሸዋ ነው።» ወደ ኦክታቪዮ ዞረች። «የማን ሳጥን ነው?»

«የእኛ» አለ እያፈረ። «ፍንዳታው ድምፅ ቀረጻውን ስለሚያበላሽ ባሩድ የሌለው ወረቀት አሠራን። ድምፁን በኋላ ነው የምንጨምረው።»

«ዶኛ ኡባልዲናም በስህተት ይህንኑ ለጨዋታው አወጣች። እናንተ ባሩዱ ረጥቧል ብላችሁ ጉሙን ረገማችሁ። ከጭቃው ያወጣሁት ይኸው፤ በብረት ተቀዷል እንጂ አንዱም አልተቃጠለም። ታዲያ የተሰማችው ፍንዳታ ምን ነበረች?»

ኔስቶር አፉን ከፈተ።

«የኔ...?»

«ያንተ አይደለችም። ጥይት ነበረች። ብረቱ ጭቃው ውስጥ ያለውን የብረት ቀለበት ሲመታ ጮክ ብሎ ይሰማል፣ ፍንዳታ ይከተለዋል። ከሰሌዳው ጀርባ ያለው ሰው ያንን ድምፅ ጠብቆ ተኮሰ፤ ጭብጨባው የእሱን ጥይት ሸፈነለት። ኔስቶር በዚያ ቅጽበት ብረቱ ከእጁ እንደወጣ እዚህ በሁሉም ፊት ቆሞ ነበር። ሌአንድሮ ሊሸከመው ሮጠ። ኦክታቪዮ በቢራ ታጠበ። አዛዥ፣ እስረኛዎት ከተማውን ሁሉ ምስክር አድርጎ ነው የታሰረው።»

ኡባልዲና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዓይን መክደን በጽሑፉ አልነበረም። ቅዳሜ ያስተማረው አንድ ሰው ነው፤ ፒንሶን ያን ከእስረኛው ሰምቶት ስለነበር የታሪኩ ገዳይ ፊቱ መቆሙን አውቆ ደነገጠ። ያው ሰው እሁድ አግዳሚው ላይ እንደዋለ፣ ወረቀቱም ሲንጣጣ እንደዋለ ነገረኝ። የእሁድ ቴሆ ምን እንደሚመስል ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ሳይኖር እንደነበረ ሊያወራ ቀላል መሰለው። እዚህ የነበረ ሰው ግን የሰማው አንዲት ፍንዳታ ብቻ ነው። ገዳዩ ተኩሶ በጀርባ ዞሮ በፊት በር ገባ፤ ሽጉጡንም በሳጥኖቹ ሥር ደበቀ። ሽጉጡ ዝገት እንዳይበላው የተቀባው የንብ ሰም ነው፤ ማር ማር ይላል።»

ወደ ዶን አናስታሲዮ እየተመለከተች እጇን ዘረጋች። ወደ ሥራ ቤቱ ልካው ከነበረው ፖሊስ ያን ወፍራም ሻማ ተቀብላ በጠረጴዛው ጠርዝ ሰበረችው። ከውስጡ ጥይቶች ተንከባለው በእግራቸው ሥር ተበተኑ።

«ዶን አናስታሲዮ፣ ክር የሌለው ሻማ ለማን ይበራል?»

ሽማግሌው አልሮጠም፤ ሩዋናውን አስተካከለ።

«ስለ ባሩዱ ማንም አልነገረኝም» አለ ብቻ።

«አበልጄ» አለች ኡባልዲና፤ ድምፅዋ ከወትሮው ዝቅ ብሎ። «ልጄን ካህኑ ፊት አቅፈህ ክርስትና ያነሳኸው አንተ ነህ እኮ። ለሽጉጡ ሌላ ቦታ አጣህለት?»

«ጠበቃ ልቀጥርለት ነበር፣ አበልጄ። ጥሩ ጠበቃ።»

የወህኒው መኪና ከበሩ ቆመ። ኦዲሊያ ሰንሰለቱን ከኔስቶር እጅ ፈትታ በሽማግሌው እጅ ላይ ቆለፈችው። ሊወስዱት ሲያልፉ ኔስቶር ከሕፃንነቱ እንዳስለመዱት፣ የክርስትና አባት ሲሸኝ እንደሚደረገው፣ ሳያስበው ራሱን ዝቅ አደረገ። ሽማግሌውም የታሰሩ እጆቹን ለምርቃት አነሳ።

ኡባልዲና ልጅዋን በአንገትጌው ያዘችና ወደ ኋላ ጎተተችው።

«ተወው» አለች። «ና፣ ግባ ወደ ቤት። ራትህ ይበርዳል።»