ወረቀት የለበሰው ጣውላ

አለቃ ኢሶጋይ ሰኞ ማለዳ በሚሠሩት ቤተ መቅደስ የድንጋይ ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። ከጎናቸው ጣሪያው ላይ መርገጫ የነበረ ጣውላ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። በኪሶ ሸለቆ እሳቸውን የሚያህል አናጺ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ጣሪያ ላይ የኖረ ሰው ከጣሪያ ወድቆ ሞተ ሲባል እንኳን ሰው አይጥም አያምን።

በሦስተኛው ቀን የእንጨት መኪና ሹፌሩ ሹሄይ «ጣውላውን የቀየርኩት እኔ ነኝ» ብሎ እጁን ሰጠ። የመንደሩ ፖሊስ ደስ ብሎት ምሳውን በላ። የሹሄይ እህት ሺኖ ግን እህል አልቀመሰችም። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተጉዛ መርማሪ ሙነካታን ከከተማ ይዛ መጣች።

«ወንድሜ ሹፌር ነው ጌታዬ» አለችው መንገድ ላይ። «እንጨት ይጭናል፣ እንጨት ያራግፋል። ከዚያ በላይ የሚያውቀው እንጨት ቢኖር የጥርስ መጎርጎሪያው ነው።»

«ታዲያ ለምን አመነ?»

«እሱን ቢነግረኝማ እርስዎን ለምን አስቸግራለሁ? አሥራ አምስት ዓመት ይፈረድበታል አሉ። እባክዎ ያውጡልኝ።»

ሙነካታ ቀጭን፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነበር፤ አባቱ የእንጨት ገንዳ ሠሪ ነበሩ። ቤተ መቅደሱ እንደደረሰ በተሰበረው ጣውላ ላይ ተንበረከከ።

«ነይ እዪ። የእንጨት ቃጫ እንደ ፀጉር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከወረደ ሰው ይሸከማል። የዚህ ግን አግድም ይሮጣል። መሀሉ ላይ ደግሞ ጉጥ አለ፤ ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ ነው።»

«ይሄንን እኮ እኔም አልረግጠው!»

«ካየሽው። አለቃ ግን ቅዳሜ ራሳቸው መርጠው የዘረጉትን ጥሩ ጣውላ የረገጡ መስሏቸዋል። እሑድ ሥራ የለም። አንድ ሰው ያንን አንስቶ ይሄንን ተካ፤ አቧራም ነሰነሰበት።»

የአለቃ ምክትል ኩረማትሱ መላጊያውን እየሳለ ነበር።

«እንግዲህ አለቃው አንተ ነህ» አለው ሙነካታ።

«ሌላ ማን አለ? ጋሽ ጌንፓቺ እንደሆኑ ዓይናቸው ደክሟል።» ጌንፓቺ የሺኖና የሹሄይ አባት፣ የአውደ ሥራው አንጋፋ አናጺ ናቸው።

«እሑድ የት ዋልክ?»

«አማቴ ቤት። ከዚያ እስር ቤት ይሻላል።»

«ቅዳሜ ፀብ ነበር?»

ኩረማትሱ መላጊያውን አስቀመጠ። «ፀብ እንኳ አይባልም። ያን ትልቁን የኬያኪ ዛፍ ግንድ አለቃ እንዲሰነጠቅ አዘዙ፤ የሆቴል ጠረጴዛ ሊሆን። የመጋዙንም መስመር በቀለም አሰመሩበት። ጋሽ ጌንፓቺ ለቤተ መቅደሱ መካከለኛ ምሰሶ ይሆናል ብለው ሠላሳ አንድ ዓመት ያደረቁት ግንድ ነው። ምንም አልተናገሩም። ዳበስ አርገውት ሄዱ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጣውላ ስትቆርጥ የተቆረጠውን ጫፍ ምን ታደርገዋለህ?»

«ሰም እቀባዋለሁ። እንጨት ቶሎ የሚደርቀው በጫፉ አይደል? ክፍቱን ከተውከው ይተረተራል።»

እንጨት ነጋዴው ዮኮሚዞ ደግሞ ሳይጠየቅ ይመልሳል። «የኔ ጣውላ ጫፉ ሁሉ ቀይ ቀለም ነው! ከተራራው ማዶ ሆኜ አውቀዋለሁ። እሑድ? ሆቴሉ ውስጥ ስበላ ነበር፤ ሆዴን ይጠይቁት!»

ሆቴሉ ተጠየቀ፤ አማትየውም ተጠየቁ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ሺኖ ቤት ሻይና በጨው የተቦካ የራዲሽ ሥር ቀረበ። ጌንፓቺ ግድግዳውን ተደግፈው እጃቸውን ያያሉ።

«አባትሽ ምነው ዝም አሉ?» አለ ሙነካታ ቀስ ብሎ።

«አባዬ ከእንጨት ጋር እንጂ ከሰው ጋር አያወራም» ብላ ሳቀች ሺኖ። «ከሩዜ ግማሹን ለጣውላ ያበላል እኮ! እየደቆሰ ሙጫ ያደርገዋል። እሑድ ለታ ራሱ ድስቴን ጠርጎ ወሰደብኝ።»

ሙነካታ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም በእንጨት መጋዘኑ ሰበሰባቸው። ሹሄይም በካቴና መጣ። ጣውላዎቹ አየር እንዲገባቸው በመሀላቸው ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደራርበዋል። ሙነካታ ከታችኛው ረድፍ ሁለት አጫጭር ጣውላዎች ስቦ አወጣና ጫፍና ጫፋቸውን ገጠመ። ቃጫቸው ያለ እንከን ተያያዘ።

«አለቃ የመረጡት ጣውላ ይሄ ነው። ሹሄይ፣ ወንዝ ውስጥ ጣልኩት ብለሃል።»

ሹሄይ መሬት መሬት አየ።

«ሹፌር ቢሆን በእርግጥም ይጥለው ነበር። ነጋዴም ያቃጥለው ነበር። ይሄኛው ሰው ግን ንጹሕ የሂኖኪ ዛፍ ልብ፣ የግንዱን ጠንካራ እምብርት፣ ማቃጠል አልሆነለትም። ቆርጦ ከአጫጭሮቹ ጋር ደበቀው። እንዲያውም አየር እንዲያገኝ አድርጎ አስተኛው። አሁን ጫፎቹን እዩ።»

በተቆረጡት ጫፎች ላይ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል።

«ኩረማትሱ ሰም ይቀባል፣ ዮኮሚዞ ቀለም። ይሄ ግን ወረቀት ነው፤ ሙጫው ደግሞ ሩዝ። የሚገርመው ጣውላው አርባ ዓመት የደረቀ ስለሆነ መለጠፍ አያስፈልገውም ነበር። እጅ ጌታውን ሳያማክር የሠራው ሥራ ነው።»

ሺኖ ከገባት ቆይቷል። አፏን በእጇ ያዘች፤ ስለ ሩዙ የወጣው ቃል ግን አይመለስም።

«ሹሄይ፣ አንተ እሑድ ለሰኞ ሥራ እንጨት ልታራግፍ መጥተህ አባትህ ጣውላ ተሸክመው ከጣሪያ ሲወርዱ አይተሃቸዋል። አይደለም?»

«ውሸት ነው! እኔ ነኝ አልኩ እኮ!»

«ተው ልጄ» አሉ ጌንፓቺ። ድምፃቸው ከወሬ ብዛት ሳይሆን ከወሬ እጦት የሻከረ ነበር። ወደ ሙነካታ ዞሩ። «ግንዱን ዛሬ ቢሰነጥቁት ነገ አይመለስም። እንዲወድቅ ፈልጌ ነው፤ ወደቀ። አንተ የምትፋረደኝ በወረቀቱ ከሆነ ግን የኔ ልጅ... ጫፉን ክፍቱን እንዴት አድርጌ ልተወው?»

ካቴናው ከልጅየው እጅ ወጥቶ አባትየው እጅ ገባ። አጥንታቸው ቀጭን ስለነበር ፖሊሱ ሁለት ጊዜ አጠበቀው። ዮኮሚዞ የአለቃ አርባ ሳይወጣ ግንዱን መቼ እንደሚወስድ ኩረማትሱን በሹክሹክታ ጠየቀ፤ ኩረማትሱም «መጪው ሐሙስ» አለው።

መኪናው ሸለቆውን ቁልቁል ሲወርድ ወንድምና እህት ደጅ ቀሩ። ሺኖ የወንድሟን እጅጌ ያዘች።

«ወጣህልኝ» አለች።

«ማን ላከሽ?»

«ሹሄይ...»

«ማን ላከሽ ነው የምልሽ! እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አሥራ አምስቱን ጨርሼ እወጣ ነበር። እሱ ሰባ አራት ነው። ቆጠርሽው?»

ሹሄይ እጅጌውን ቀስ ብሎ ከጣቶቿ አላቀቀና የጭነት መኪናው ላይ ወጣ። ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው መንገድ ነዳ። ቤታቸው ያለው በደቡብ ነው።