ኤርካሎን ሆኜ ያነበብኩበት ጠዋት

እኔ ደገፉ ውሸታም ነኝ። የሶዶ ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለ ሁለት ራስ ጅብ መጣ ብዬ ገበያ በትኛለሁ።

ይሄኛው ግን በእኔው ላይ የደረሰ ነው። እናቴ ትሙት!

ሚያዝያ 1926 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ፀሐይ ግንባር ትበሳለች። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ዋርካው ሥር ዳዊት እንማራለን።

የኔታ ገብረሥላሴ ዐይነ ስውር ናቸው። ዳዊቱን በቃላቸው ስለሚያውቁት ግን አንዲት ፊደል አታመልጣቸውም። ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለዩት በድምፅ ነው። ስም ይጠራሉ፣ ልጁ ያነባል፣ በቃ፣ መጥቷል ማለት ነው።

እኔና ጓደኛዬ ኤርካሎ ይቺን ነገር ደረስንባት። እሱ ሲቀር እኔ በሱ ድምፅ አነባለሁ፤ እኔ ስቀር እሱ በእኔ። ኤርካሎ መስመር በጨረሰ ቁጥር ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል... ህእ... እሷን ከቻልክ ሌላው ቀላል ነው።

ያን ቀን ኤርካሎ አልመጣም።

"ኤርካሎ!"

"አቤት የኔታ!"

በሱ ድምፅ አቤት ብዬ አነበብኩለት። ልጆቹ አፋቸውን በጋቢ አፍነው ሳቁ።

ገና ሳልጨርስ ከአጥሩ ውጭ እናቱ ተጣሩ። እማማ ቦሼ።

"የኔታ! ልጄ አለ ወይ? ከማሽላው ማዶ ሰው ሲጮህ ሰማሁ... የሱን ድምፅ መሰለኝ።"

"ይኸው እያነበበልኝ!" አሉ የኔታ።

"ኤርካሎ?" አሉ እማማ ቦሼ።

ዝም ብል ጅራፉ አለ...

"አቤት እማዬ! እዚህ ነኝ!" አልኩ።

"እፎይ... ተማር ልጄ!" ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ለካ ኤርካሎ ወደ ትምህርት ሲመጣ፣ ከማሽላው ማዶ ለከርከሮ የተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ነበር። እግሩ ተሰብሯል። የጮኸው እሱ ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ... ጉድጓዱም ሞላ።

ሲመሽ አወጡት። ጥፍሮቹ አልነበሩም። አፈሩን ሲቧጥጥ አልቀዋል።

ሰው ሁሉ "ከትምህርት ሲመለስ ወደቀ" አለ። እማማ ቦሼም በለቅሶው ላይ "ጠዋት እኮ አናግሮኛል! በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!" እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

አልተናገርኩም። ልጆቹንም አስምያቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም፣ እህልም እምቢ አለኝ።

በአርባው ቀን፣ ያው ሦስት ሰዓት ላይ፣ እማማ ቦሼ ለተማሪዎቹ ቆሎ በሰፌድ ይዘው ግቢ ገቡ። ፊታቸው ከስቶ ሳይ ቆረጥኩ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይግደሉኝ።

"ደገፉ!" ብለው ተጣሩ የኔታ።

ተነሣሁ። አፌን ሳልከፍት...

"አቤት የኔታ!"

የእኔ ድምፅ ነው።

የመጣው ኤርካሎ ይቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ማንም የለም።

"በል ቀጥል።"

ቀጠለ። በእኔ ድምፅ፣ ጥርት አድርጎ።

አጠገቤ ያለው ብሩ አፍ አፌን ያያል።

"ደገፉ... ተው" አለኝ በሹክሹክታ።

ከንፈሬን በጣቴ አሳየሁት። ግጥም ብሏል። ብሩ ዳዊቱን ጥሎ እያለቀሰ ሸሸ።

ወደ እማማ ቦሼ ሮጥኩ። አሁኑኑ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም ብዬ።

"እማማ ቦሼ... ያን ቀን ጠዋት... እኔ ነኝ..."

የወጣው የኤርካሎ ድምፅ ነው።

እያስመሰልኩ አልነበረም። ጉሮሮዬን በእጄ ያዝኩ። መጨረሻው ላይ ትንፋሼ ወደ ውስጥ ተሳበ... ህእ...

ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። ቆሎው መሬቱን ሞላው።

ቀስ ብለው መጡ። ፊቴን ዳበሱ፣ ግንባሬን፣ ጆሮዬን። ከዚያ ጉሮሮዬ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር ያሰኘኝ ይሄ ነው... ፈገግ አሉ።

"ቆየህ" አሉኝ።

"እኔ ደገፉ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ፤ በኤርካሎ ድምፅ።

"እሺ ልጄ። ና፣ ቤት እንሂድ።"

ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ልጆቹ ዞር ብለው አላዩኝም። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ባዶው ድንጋይ አዙረዋል።

በሩ ጋ ስንደርስ ንባቡ አለቀ።

"ጎበዝ ደገፉ!" አሉ የኔታ ከኋላዬ። "ዛሬ አንድም አልሳትክም።"