ምላሷን ያወጣችው ልጅ

«ውሰጂው፣ ከእንግዲህ ከናንተ አልገዛም» አለ አቡ ራሚ፣ ኢክራም ያመጣችውን የሚጥሚጣ እሽግ በክርኑ ገፋ አድርጎ።

አማን ከተማ መሐል ያለው የቅመም ሱቁ መደርደሪያ ራሱ ባሳሸገው ሌላ ሚጥሚጣ ተሞልቷል። እያንዳንዱ ላይ ባለ ሁለት ሹሩባ ትንሽ ልጅ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ ምላሷን እስከ አገጯ አውጥታ ትስቃለች። ኢክራም ልጅቷን በደንብ ታውቃታለች። ራሷ ናት። በአራት ዓመቷ የእናቷን ሚጥሚጣ ልሳ ስትንገበገብ የተነሳችው ፎቶ ነው ተስሎ የንግድ ምልክት የሆነው።

«ይሄ ምልክት የኛ ነው!» አለች በዓረብኛ።

«እስከ ሐሙስ!» ሳቀ። «እናትሽ ለማደስ እንደማትቸኩል ራሷ ነግራኛለች። የምዝገባው ጊዜ ሲያልፍ በስሜ አስመዘግበዋለሁ። ደግሞ አንቺስ ምን ቸገረሽ? አብራሽ የምትማረው ልጄ፣ ክፍል ውስጥ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ነግራኛለች። ተገላገልሽ እኮ!»

ኢክራም ፊቷ ጋለ። ‹ምላሷ› ነው የሚሏት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ምልክቱ ሳይታደስ ሐሙስ እንዲያልፍ ስትመኝ የነበረችው ራሷ ናት። ድሮ እናቷ በቤት ሠራተኝነት ያገለገለቻቸው፣ ምልክቱንም ያስመዘገቡላት ጠበቃዋ ማዳም ፈሪዳ ደውለው ሲያስጠነቅቁ መልእክቱን ለእናቷ አድርሳለች። እናቷ «ይደርሳል» ስትል ግን እንድትቸኩል አልገፋፋቻትም።

ከአቡ ራሚ እሽግ አንዱን ገዝታ እዚያው ቀደደችና ቀመሰች። ጨውና ቀለም ነው። ይሄን በሷ ምስል ሊሸጥ! እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር ያለው ቤታቸው ገባች።

እናቷ ጠይባ አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ሚጥሚጣ ትነፋለች።

«እማ፣ ምልክቱን ነገ እናድስ።»

«ምን አስቸኮለሽ? እንደ ኢቃማው ነው። ቅጣቱ ይከመር ይከመርና አንድ ቀን ምሕረት ይወጣል፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

ጠይባ በመኖሪያ ፈቃዷ ሁለቴ እንዲህ ጠብቃ ሁለቴም ተሳክቶላታል። ማን ያሳምናታል?

«ለዚህ ምሕረት የለውም እማ። ይሄ የሰርቪስ ታክሲ ወንበር ነው፤ ከወረድሽ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።» የአቡ ራሚን እሽግ ፊቷ አስቀመጠች።

እናቷ ቀመሰችና እንትፍ አለች። «የልጄን ፊት ለጥፎ ጨው ይሸጣል? ወላሂ አይሆንም!» ብድግ አለች። ወዲያው ግን ተመልሳ ተቀመጠች። «አንቺስ ኢክሩ? የልጅቷን መለያ ከቦርሳሽ ላይ ስትልጪው አይቼሻለሁ። የዘገየሁት ግማሹ ለምሕረቱ ብዬ ነው፤ ግማሹ ግን ላንቺ ብዬ ነው። ይቅርብኝ ካልሽ ሌላ ሥዕል እናሠራለን።»

ኢክራም እሽጉ ላይ ያለችውን ልጅ አየቻት። እናቷ በየሰው ቤት ወለል ስትወለውል ውላ፣ ማታ እያስነጠሳት የምትነፋው ሚጥሚጣ በዚች ልጅ ይታወቃል። ያንን ሁሉ ለሷ እፍረት ብላ ልትተወው ነበር!

በማግስቱ የንግድ ምልክት መዝገብ ቤት ማዳም ፈሪዳ ሰነዶቹን ይዘው ቀድመው ደርሰዋል። ጸሐፊው ሥዕሉን አየ፤ ቀና ብሎ ኢክራምን አየ፤ ሳቁን ዋጠ።

«ምስሉ ይኸው ነው? ለውጥ የለውም?»

ማዳም ፈሪዳ ወደ ጠይባ ዞሩ። ጠይባ ደግሞ ወደ ልጇ ዞረች። ውሳኔው የሷ ነው።

«ይኸው ነው» አለች ኢክራም። «ምላሷም እንዳለ ይሁን።»

ሲወጡ ከእናቷ ቦርሳ አዲስ መለያ ወሰደች። ቀድሞ የላጠችው ቦታ ላይ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ፊት ለፊት፣ ለጥፋ በመዳፏ ደጋግማ ተጫነችው። ነገ ክፍል ስትገባ ቦርሳውን የምታስቀምጠው እግሯ ሥር አይደለም። የአቡ ራሚ ልጅ ዞር ባለች ቁጥር እንድታየው፣ ጠረጴዛዋ ላይ ነው።