የኢላም ውሃ

ንጉሥ ሐርደም ሰንደሬን የመሠረተበት መታሰቢያ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ሕዝቡ በሎማይ ወንዝ ዳር እንደ ተሰበሰበ፣ ወንዙ መፍሰሱን አቆመ። ዓሣው ጭቃው ላይ ተንፈራገጠ። ካህናቱ ዝማሬውን አላቋረጡም፤ በዓል በዓል ነውና።

ሐርደምን በሰንደሬ የማያውቅ የለም። ኡርጋት የተባለውን ዘንዶ ገድሎ ወንዙን ከዋሻ አወጣ፤ እጁም የወገን ደም አያውቅም ይባላል። በዚያ አገር መሐላ ኃይል አለው፤ በእውነተኛ ሰው ስም የታሰረ ነገር፣ አሳሪው ራሱ እስካልዋሸ ድረስ አይፈታም። ስለዚህ ሰንደሬዎች በራቸውን በሐርደም ስም ያስሩ ነበር። መቆለፉንም አይረሱም።

የአገሩን መሐላ የሚጠብቀው ሊቀ መሐላ ኦርዜን፣ ከሐርደም ዘር ብቻዋን የቀረችውን ወጣቷን ናርዲትን አስጠራ። «የዘንዶው መንፈስ ተነሥቷል። ወደ ዋሻው ውጪና በቅድመ አያትሽ በሐርደም ስም እሰሪው። ስትመለሺ ዙፋኑ ያንቺ ነው» አላት። ናርዲት ዙፋኑን አልጠላችውም፤ እንቅልፍ የነሣት ግን የተጠሙት ሕፃናት ለቅሶ ነበር። አብሯት በርጋም ወጣ፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ያሳደጋት ሽማግሌ ጋሻ ጃግሬ።

ድንጋዮቹ የሚያንሾካሹኩበትን ሸለቆና የአመዱን ጫካ አልፈው ከዋሻው ደረሱ። ዘንዶው መንፈስ አልነበረም። ቅርፊቱ እንደ ድስት ክዳን እየተንኳኳ፣ ምንጩን በሆዱ ደፍኖ ተኝቷል። አንገቱ ላይ የሰይፍ ጭረት እንኳ የለም።

ናርዲት እጇን አንሥታ «በሐርደም እውነት አስሬሃለሁ» አለች።

ዘንዶው አዛጋ።

«በየትኛው እውነቱ?» አላት። «ሐርደም አሁን አንቺ በቆምሽበት ቆሞ ነበር። ሰይፉን አልመዘዘም። ታናሽ ወንድሙን ኢላምን የፊጥኝ አስሮ ሰጠኝ፤ እኔም ለሰባት ትውልድ ውሃ ሰጠሁት። ዘመኑ አልቋል። አንቺም ሽማግሌውን አስረሽ ስጪኝና ሌላ ሰባት ትውልድ ጠጡ።»

ከጅራቱ አጠገብ አንድ አፅም ተጋድሟል። የእጆቹ አጥንቶች ነገሥታት ብቻ በሚታጠቁት ቀይ መታጠቂያ እንደ ተጠፈሩ ናቸው። ናርዲት በዘሯ አፈረች።

በርጋም እጆቹን ወደ ኋላው አጣምሮ ጀርባውን ሰጣት። «እሰሪኝ፣ ልጄ። እኔ ዕድሜ የጠገብኩ ሰው ነኝ።»

«አላደርገውም፣ አባዬ። ሐርደምም ያደረገው ይህንኑ ነው።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ።»

«አልወቅሰውም። ሌላኛውን ሙት ልጠራ ነው።» ወደ አፅሙ ቀረበች። «በኢላም እውነት፣ በታሰሩት እጆቹ፣ ኡርጋት፣ አስሬሃለሁ።»

ዋሻው ተናወጠ። ዘንዶው ከጅራቱ ጀምሮ ድንጋይ እየሆነ ወደ ላይ ወጣ። ድንጋዩ አንገቱ ጋ ሳይደርስ ግን ራሱን አስፈንጥሮ ናርዲትን ሊውጣት ተወረወረ። በርጋም ጋሻውን ይዞ መካከል ገባ። ማንም አላሰረውም። ዘንዶው ሽማግሌውን አንዴ እንደ ነከሰ እስከ ራሱ ድንጋይ ሆነ። ከተሰነጠቀው ሆዱ ሥር ምንጩ ሲፈነዳ በርጋም በናርዲት ክንድ ላይ ሞቶ ነበር፤ እሷም ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ከተማው ስትገባ ሕዝቡ «ሐርደም አጠጣን!» እያለ ይጨፍር ነበር። በአደባባይ መስክሪ ስትባል ያየችውን ሁሉ ተናገረች። ጭፈራው ቆመ። ኦርዜን ጠጋ ብሎ በጆሮዋ «እመቤቴ፣ እኔም ከድሮ ጀምሮ እጠረጥር ነበር። በሐርደም ስም አሰርኩት በይና ነገሩ ይብቃ» አላት።

«ከዋሸሁ ማሰሪያው ይፈታል። ውሃ አትፈልጉም?»

«ውሃውንም እንፈልጋለን፣ አባታችንንም እንፈልጋለን።»

ናርዲት ቃሏን አላጠፈችም። የመሥራቹን ስም አጉድፈሻል ተብላ፣ ሰይፏን ተቀምታ ከአገር ተባረረች። የፈረዱባት ዳኞች ችሎቱ ሲረዝም ከሎማይ የተቀዳ ውሃ ይቀርብላቸው ነበር።

ከድንበሩ አጠገብ ውሃ የምትቀዳ ሴት አገኘች። ሴትዮዋ አላወቀቻትም። መንገደኛ መሆኗንና ከንፈሯ መሰነጣጠቁን አይታ በቅል ቀድታ ዘረጋችላት።

«ጠጪ፣ እህቴ። የሐርደም ውሃ ነው።»

ናርዲት ቅሉን ተቀብላ ወደ አፏ አስጠጋች። ዝም ብላ ብትጠጣ ማንም አይጠይቃትም ነበር።

«የኢላም ነው» አለች።

ሴትዮዋ ቅሉን ነጥቃ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው፤ እንስራዋንም አዝላ እየተራገመች ሄደች። ናርዲት ጎንበስ ብላ ከወንዙ በእፍኟ ጠጣች።