ሁለት ጊዜ የተመረዘው ሲኒ

ኢንስፔክተር ኩዋንግ ዪንሁዋ ሻይ ቤቱ ስትደርስ ሬሳው በጠረጴዛ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ገዳይዋም ተይዛለች ተብሏል። እሁድ ጠዋት በደቡብ ቻይናዋ ከተማ በጓንግዡ ሻይ ቤት ውስጥ ወንበር ማግኘት ጭንቅ ነው። ዛሬ ግን ሁለተኛው ፎቅ ጭር ብሏል፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንደ ልማዳቸው ከነሽቦ ጎጇቸው አምጥተው መስኮት ላይ ሰቅለዋቸው ከወጡት ወፎች በቀር ትንፍሽ የሚል የለም።

ሟቹ ኦወን ይባላል። ከዌልስ መጥቶ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምር ዓመታት አስቆጥሯል። ቅዳሜ ካሜራውን አንግቶ ተራራና ቤተ መቅደስ ሲዞር ይውላል፤ እሁድ ከባልደረቦቹ ጋር ሻይ ይጠጣል። ዛሬ ሻዩን እየጠጣ ጉሮሮውን ይዞ ወደቀ፤ በዚያው ቀረ።

«መዝገቡን ዛሬውኑ ዝጊው» አላት አለቃዋ ኮማንደር ዱ። «ኤምባሲው ስልኬን አቃጥሎታል። ልጅቷ ቀድማ መጥታ ሲኒ ደርድራለች፤ ሻዩንም የቀዳችው እሷ ናት። ምን ቀረ?»

«ማሰብ ቀረ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ አንድ ቀን ያስበላሻል!»

ልጅቷ ሞ ሹላን ትባላለች፤ የትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ናት። እጇ በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጥፋተኛ ከተባለች ሞት ሊፈረድባት ይችላል። ኩዋንግ ደሟ ፈላ። አንድ ጉድ በተፈጠረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ተሟጋች በሌለው ላይ መሆኑን ስታይ ነው የኖረችው፤ አልለመደችውም።

የምርመራ ባለሙያው ጠጋ አላት። «መርዙ ሟቹ ሲኒ ውስጥ አለ። በራዱ ንጹህ ነው። ግራ የገባኝ፣ እጣቢ የተደፋበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥም መርዝ አለ።»

የጓንግዡ ሰው የመጀመሪያውን ሻይ አይጠጣም፤ ሲኒውንና ሳህኑን ያለቀልቅበትና እጣቢውን ጠረጴዛው መሀል ካለው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይደፋዋል። ኩዋንግ ሳህኑን ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ከሞ ፊት ተቀመጠች።

«ቀድመሽ የመጣሽው ለምንድን ነው?»

«ጠረጴዛ ለመያዝ ነዋ! ዳይሬክተር ጌንግ ናቸው የላኩኝ። ከዚያ እሳቸው መጡና ‹ውረጂ፣ እንግዶቹን ከበር ተቀበዪ› አሉኝ።»

«ኦወን የት እንደሚቀመጥ ማን ወሰነ?»

«እሳቸው። የክብር እንግዳ በሩን እያየ ይቀመጣል ብለው።» እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። «ኢንስፔክተር፣ ኦወን ሰሞኑን ተናዶ ነበር። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ አብረሽኝ ሄደሽ ታስተረጉሚልኛለሽ አለኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ጌንግ ዌይሚን ከሰሜን ተዛውሮ ትምህርት ቤቱን መምራት ከጀመረ ገና ወሩ ነው። የዛሬውም ግብዣ የእሱ ነበር።

«እኔ ልጅቷን በደንብ አላውቃትም» አለ ክራቫቱን እያስተካከለ። «ግን ሲኒዎቹን የነካችው እሷ ናት። ጨርሱና ልሂድ፤ ሥራ አለብኝ።»

አራተኛዋ የጠረጴዛው ሰው ካታሊን ናት፤ ከሃንጋሪ የመጣች መምህርት፣ የከተማው የቆየች ነዋሪ። እያለቀሰች መለሰች።

«ጠዋት እኮ እየሳቅን ነበር! ኦወን ሲኒውን ሲያለቀልቅ ዳይሬክተሩ እጁን ለቀም አደረጉት። ‹ኧረ ሻዩን አታባክን፣ ጠጣው!› ብለው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። የሰሜን ሰው ምን ያርግ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ‹ወፎቹን ፎቶ አንሳቸው› አሉት። እሱ ሲነሳ እኛም ወደ መስኮቱ ዞርን። ተመልሶ ሻዩን ጠጣና...» መጨረስ አቃታት።

ኩዋንግ የኦወንን ካሜራ ከፈተች። የትናንቱን ተራራ፣ የባለፈውን ሳምንት ወንዝ፣ ጀልባ፣ ቤተ መቅደስ እያለፈች ወደ ኋላ ሄደች። ያለፈው የበረዶ ወራት ፎቶ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ወደ ሰሜን ስልክ ደወለች። ስትጨርስ ሁሉንም ወደ ክቡ ጠረጴዛ ጠራቻቸው፤ ትኩስ ሻይም አስመጣች።

«እጠቡ» አለች።

ካታሊን ሳታስብ ሲኒዋን አለቀለቀች። ሞም በታሰረ እጇ አለቀለቀች። ጌንግ እነሱን አይቶ ተከተላቸው።

«ዛሬ ጠዋት ተማሩ ማለት ነው፣ ዳይሬክተር» አለች ኩዋንግ። «መርዙ ሁለት ቦታ የተገኘው ሁለት ጊዜ ስለተሞከረ ነው። መጀመሪያ ባዶው ሲኒ ተቀባ፤ ኦወን አለቀለቀውና መርዙ እጣቢው ውስጥ ገባ። ይህቺ ልጅ ጡት ሳትጥል እዚህ ሻይ ቤት ስትመጣ ያደገች ናት። የሚታጠብ ሲኒ ምን ብላ ትቀባለች? ካታሊንም ብትሆን አታደርገውም። ልማዱን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መርዙ ሲደፋ ባየ ጊዜ ደንግጦ እጅ ያዘ። እነሱ ሳቁ። እሱ ግን ወፎቹን አሳይቶ ፊታቸውን አዞረና የቀረውን ጨመረ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!»

«ሻይ አለማወቅ ወንጀል ሆነ?» አለ ጌንግ።

ኩዋንግ ካሜራውን ፊቱ አስቀመጠች። በረዶ የሆነ ሐይቅ ይታያል፤ የተሰበረው በረዶ ውስጥ ልጆች ይንፈራገጣሉ፤ አንድ ሰው ለብቻው ወደ ዳር ይሮጣል።

«ሰሜን እያለህ በረዶ ላይ ይዘሃቸው ከወጣሃቸው ተማሪዎች ሁለቱ ሞቱ። አንተ በቦታው አልነበርኩም ብለህ ማልክ፤ አንዲት ጀማሪ መምህርት በአንተ ፈንታ ዛሬም ታስራለች። ኦወን በዚያ የበረዶ ወራት ወደ ሰሜን አገር ሊያይ ሄዶ አንስቶሃል። እዚህ ስትመጣ ለየህና እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጠህ።»

«በረዶው ወፍራም ነው ብለውኝ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ጌንግ። ወዲያው አፉን ያዘ፤ ግን ሁሉም ሰምቷል።

«ኦወን ከወደቀ ወዲህ ከዚህ ጠረጴዛ ሰዎች አንዳቸውም ከፎቁ አልወጡም» አለች ኩዋንግ። ዓይኗ ኮማንደሩ ላይ ነበር። «የተፈተሸችው ግን ልጅቷ ብቻ ናት። ለምን፣ ኮማንደር? እሱ ክራቫት ስላሰረ?»

ኮማንደር ዱ ፊቱ ጨርቅ መሰለ። ፖሊሶቹ ጌንግን ፈተሹት። ትንሿ ብልቃጥ ካልሲው ውስጥ ተገኘች።

«ያቺን የታሰረች መምህርትም ታስፈታታለህ» አለችው ኩዋንግ ጌንግን። «በገዛ ቃልህ።»

ጌንግን ይዘውት ሲወርዱ የሞን ካቴና ራሷ ፈታችላት። ኮማንደሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ እንግዲህ... ስህተት ነው፣ ያጋጥማል። ለሟቹ ቤተሰብ ደግሞ እኛ እናሳውቃለን።»

«ያጋጥማል?» ሞ ብድግ አለች። የእጅ አንጓዋ ቀልቷል። «ኦወን በየሳምንቱ እሁድ ከሻይ በኋላ ለእናቱ ይደውላል፤ እኔንም ያገናኘኛል። አሁን እዚያ ገና ሳይነጋ ተነስታ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀው። ይህንን ከእናንተ አፍ አትሰማም!»

እጇን ዘረጋች። ኮማንደሩ አንዴ ኩዋንግን፣ አንዴ የተዘረጋውን እጅ አየና የራሱን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።